የሕመም ስም፣ የወገን ስም

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰመራ የሚወርድ መንገደኛ አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ሳያርፍ አያልፍም። ሁለት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል መጥቷል፤ ከፊቱ ደግሞ ገና ከሦስት መቶ ስልሳ የማያንስ ይጠብቀዋል። ሙቀቱም «ከእንግዲህ አዛዡ እኔ ነኝ» ማለት የሚጀምረው እዚህ ነው። እኔም በቅርቡ እንደ ሰዉ ከአውቶቡስ ወርጄ ከአሮጌው የባቡር ጣቢያ አቅራቢያ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ተቀመጥሁ። ግድግዳዋ ላይ በ2017 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ የተተወ ስንጥቅ ከላይ እስከ ታች ይታያል።

ከጎኔ ሁለት ሰዎች ይጨዋወታሉ። አንደኛው በምድር ባቡር ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ሁለተኛው ሰመራ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የአፋር ወጣት ነው። ሽማግሌው የቆየ ሰው ወግ ነውና «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ጀመሩ። ወጣቱ አባቱን፣ አያቱን፣ ጎሣውን ጠራላቸው። «ታዲያ በትምህርት ወራት እዚህ ምን ትሠራለህ?» አሉት።

«አንድ መንፈቅ አቋርጬ ቤተሰብ ዘንድ ነበርሁ፣ ጋሼ። ሐኪሙ ዲፕሬሽን ነው ያለብህ አለኝ። መድኃኒት ጀምሬ አሁን ደኅና ነኝ። እየተመለስሁ ነው።»

ሽማግሌው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር በሰው መሐል አይወራም። ነገ ሚስት የምታገባ ልጅ ነህ። ጎሣህ ቢሰማስ?»

«ጎሣዬማ ከእኔ ቀድሞ ሰምቷል!» አለና ሳቀ። «ዳጉ አለ አይደል?»

ዳጉን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልንገር። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ እንደኛ «ደኅና ነህ፣ ደኅና ነኝ» ተባብለው አይተላለፉም። አረፍ ብለው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ሰላሙ፣ ስለ ታመመውና ስለ ሞተው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ። የሰማ ሁሉ ደግሞ ለሚቀጥለው ሰው ያደርሳል። ስልክ ከመግባቱ በፊት ወሬ በዚያ በረሃ ከመኪና ፈጥኖ ይደርስ ነበር ይባላል።

ሽማግሌው አልሳቁም። እኔም ጉዞዬን ስቀጥል የሁለቱ ነገር አልለቀቀኝም። የሽማግሌው ፍርሃት ከየት መጣ? የወጣቱስ ድፍረት? ነገሩን «አሮጌው ትውልድ አያውቅም፣ አዲሱ ነቅቷል» ብሎ መዝጋት ቀላል ነበር። ታሪኩን መለስ ብሎ ላየው ግን እንዲህ አይዘጋም።

መቼም «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበል ጎረቤት» ይባላል። በአዋሽ ሸለቆ ግን ተረቱ ተገልብጦ ኖሯል፤ ስም ሲያወጣ የኖረው ጎረቤት ነው። የደጋው ሰው «አዳል» አለ። ዓረቡ «ደናኪል» አለ፤ አውሮፓዊውም ከዓረቡ ተቀብሎ በካርታው ላይ ጻፈው። ባለቤቱ ራሱን የሚጠራው ግን «አፋር» ብሎ ነው። ይህ ስም በመንግሥት ወረቀት ላይ የክልል ስም ሆኖ የሰፈረው ትናንት በ1980ዎቹ ነው።

ጎረቤት ስም ብቻ አላወጣም፤ ጠባይም አውጥቷል። ጣሊያኖቹን ይዞ በረሃውን እ.ኤ.አ. በ1928 ያቋረጠው ኔስቢት የጻፈው መጽሐፍ አሜሪካ ውስጥ ሲታተም «የፍጥረት የሲኦል ጉድጓድ» የሚል ርእስ ተሰጠው። ወጣቱ እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር እ.ኤ.አ. በ1933 መጨረሻ የተነሣው ከዚሁ ከአዋሽ ጣቢያ ነበር። ወንዙን ተከትሎ ውኃው አቤ ሐይቅ ገብቶ እንደሚቀር አረጋግጦ በሚቀጥለው ዓመት ታጁራ ወጣ። የሁለቱንም ጽሑፍ ያነበበ ሰው ስለ አፋር አስቀድሞ የሚያውቀው ገዳይ መሆኑን ነው። ስለ ሕጉ፣ ስለ ሽምግልናው፣ ስለ ቅኔው የሚያውቀው ከዚያ በኋላ፣ ያውም ከታደለ ነው። አንድ ሕዝብ በሙሉ ሐኪም ሳያየው እንዲህ ያለ ካርድ ወጥቶለት ኖረ።

ሐኪሞቹም ቢሆኑ ከዚህ ንጹሕ አልነበሩም። በአሜሪካ ሉዊዚያና ሳሙኤል ካርትራይት የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1851 ከጌታው የሚኮበልል ባሪያ «ድራፔቶማኒያ» የሚባል የአእምሮ በሽታ እንዳለበት ጻፈ። ነፃነት መፈለግ ሕመም ሆነ ማለት ነው። ኬንያ ውስጥ የሠራው ካሮዘርስ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመለት ጥናት አፍሪካዊውን የአንጎሉ የፊት ክፍል በቀዶ ሕክምና ከተነካ አውሮፓዊ ጋር አመሳሰለው። ይህን ሁሉ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የሕመም ስም ከወገን ስም ጋር መተሣሠር የጀመረው ዛሬ በወጣቶች አይደለም።

ወደ ራሳችን እንምጣ። አማርኛ ለአእምሮ መታወክ ስም አጥቶ አያውቅም። አበደ፣ ቀወሰ፣ ለየለት፣ ጨርቁን ጣለ፣ ነካ አደረገው፣ ወፈፌ ሆነ፣ ልክፍት ያዘው፣ ዛር ወረደበት፣ ቡዳ በላው፣ መተት ተደረገበት። ልብ ብሎ ላየ ሰው እነዚህ ቃላት ሁለት ዓይነት ናቸው። እነ «አበደ» እና «ቀወሰ» ሰውየውን ብቻውን አቁመው ያዩታል። እነ «ዛር» እና «ቡዳ» ግን ከበሽተኛው ጎን ሁልጊዜ ሌላ ያቆማሉ። «ምን ሆነ?» ብለው አይበቃቸውም፤ «ማን ያዘው?» ይላሉ።

ዛርን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1932 የማርሴል ግሪዮል የጥናት ጓድ ጎንደር ሰፍሮ ሳለ ከአባላቱ አንዱ የነበረው ፈረንሳዊ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ መልካም አያሁ ከሚባሉ የዛር እመቤት ቤት ውሎ ያድር ጀመር። አብረውት ሆነው የሚተረጉሙለትና የሚጽፉለት አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ነበሩ። ሌሪስ ያየውን ጠቅልሎ ያሳተመው ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1958 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ሲሞን ሜሲንግ ስለዚሁ ስለ ጎንደር ዛር አንድ ጥናት አወጣ። የሜሲንግ ርእስ የዛርን ማኅበር «የቡድን ሕክምና» ይለዋል። እንደ እርሱ አመለካከት ወደ ዛር ቤት የሚመጡት አብዛኞቹ በቤታቸው ሰሚ ያጡ ባለ ትዳር ሴቶችና በማኅበረሰቡ ዝቅ ብለው የሚታዩ ሰዎች ነበሩ። ዛሩ ስሙን ሲናገር፣ ጌጡንና መሥዋዕቱን ሲጠይቅ፣ ባል ሳይወድ በግዱ ይሰማል። ከሁሉ የሚገርመው ግን ይህ ነው፤ የዛር በሽተኛ ድኖ አይሰናበትም። ዛሩ ይለመናል፣ ይታረቃል፣ እርሷም «የዛር ፈረስ» ሆና በማኅበሩ ውስጥ ዕድሜዋን ሁሉ ትኖራለች። ማኅበሩ የራሱ ቋንቋ እንኳ ነበረው፤ ስለዚህ የምሥጢር ንግግር ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1949 ጽፏል።

እንግዲህ ይህ ምንድን ነው? ሕመሟን በስም የምታውቅ፣ ስሙን በአደባባይ የምትጠራ፣ ያው ስም ካላቸው ጋር ማኅበር የምትጠጣ፣ የጋራ ቋንቋ ያላት ሴት። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ሰዎች በምርመራ ውጤታቸው ተሰባስበው «እኛ» ማለታቸውን እንደ አዲስ ነገር የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ መልካም አያሁ ይታወሱኛል።

ዛር የጎንደር ብቻ አልነበረም። በሱዳን፣ በጅቡቲ፣ «ሳር» እየተባለ በሶማሌም ይታወቃል። ምድር ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ እንደ አዋሽ ያሉ የጣቢያ ከተሞች አማራውን፣ ኦሮሞውን፣ ሶማሌውን፣ የመናዊውን፣ ግሪኩን አንድ ቦታ አገናኙ። እንዲህ ባለ ከተማ ያደገ ልጅ የሕመም ስሞችን በብዙ ቋንቋ እየሰማ ያድጋል።

ከከተማው ወጣ ሲል ያለው አፋር ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። በአፋርኛ «ጊኒሊ» ማለት ቃል በቃል «ጊኒ ያለው» ማለት ነው፤ ጊኒ ያው ጂኒ ነው። ቃሉን ከአማርኛው «ጂኒ አለበት» ጋር ያስተያዩአል። እኛ ዘንድ ጂኒ ሰውየው ላይ ያለ ሸክም ነው፤ እነርሱ ዘንድ ሰውየው ያለው ሀብት ነው። ዲዲዬ ሞረን የተባለው ፈረንሳዊ የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1991 ስለ ጊኒሊ ያወጣው ጥናት ንግርተኛ፣ ባለቅኔና ጦረኛ ይለዋል። ዘመቻ ሲታሰብ ይጠየቃል፤ ቃሉም ይሰማል። ጊኒሊዎች ሕሙማን ነበሩ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ ይህን የሚል ሰው የካሮዘርስን ስሕተት ይደግማል። የምለው ከማይታየው ድምፅ መስማት አንዱ ዘንድ ሰንሰለት ሲያስከትል ሌላው ዘንድ መቀመጫ ያስገኝ እንደነበር ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ያለፈውን ዘመን የምናሞግሰው ከሆነ ቡዳን መርሳት አይቻልም። አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቤተ እስራኤሉ ለዘመናት በቡዳነት ተከሰዋል። የጎረቤት ልጅ ታመመ፤ ስሙ «ቡዳ በላው» ሆነ፤ ዕዳው ግን እጁ ሥራ በሚያውቅ አንድ ወገን በሙሉ ላይ ወደቀ። ያ ወገን አልተጋባንም፣ አልተቀበረንም፣ አንዳንዴም ተደበደበ። ስለዚህ የቀድሞው ስም አወጣጥ ለአንዷ ማኅበር ሲሰጥ ለሌላው ስደት ሰጥቷል።

ከዚያ አማኑኤል መጣ። ሆስፒታሉ የተቋቋመው በጣሊያን ወረራ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1937 ሲሆን ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ከአዋሽም ይምጣ ከአሳይታ፣ ከጎሬም ይምጣ ከአድዋ፣ ሐኪም ይየው የተባለ የአእምሮ ሕመምተኛ መድረሻው አንድ ነበር። የሆስፒታሉ ስም ብዙ ሳይቆይ ከግቢው ወጥቶ ስድብ ሆነ። «ከአማኑኤል ያመለጠ» የሚለውን ሳይሰማ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ካለ ይነሣና ይናገር። የጌታ ስም፣ ትርጉሙም «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» የሆነ ስም፣ ሰው ከሰው የሚለይበት ሆኖ አረፈው።

ሆስፒታሉ ያመጣው ለውጥ መድኃኒት ብቻ አይደለም። የሕመሙን ባለቤት ለወጠ። ዛር ቤት የምትገባ ሴት ጉዳይዋ የባሏም፣ የዘመዷም፣ የማኅበሯም ነው። የሆስፒታል ካርድ ግን የአንድ ሰው ስም ነው የሚይዘው። የበሽታውም ስም በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ እናቱ አታነበውም፤ ብዙ ጊዜ ራሱም አይነገረውም። እንዲህ ሆኖ ስም የሌለው ነገር ተሸክሞ የሚመለስ ሰው አገሩ ሲገባ የሚጠብቀው ስም «የአማኑኤል» የሚለው ብቻ ነው። ሽማግሌው ግራ ቀኝ ያዩት ይህን ዘመን ስለሚያውቁት ይመስለኛል።

ሐኪሞቹም ከሰዉ ጋር መግባባት ፈትኗቸዋል። ሆላንዳዊው ሮበርት ጊል በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲያስተምር ከባልደረቦቹ ጋር ወደ ግዮን፣ ማለት ወሊሶ፣ ወርዶ በጸሎትና በጠበል ስለሚደረገው ፈውስ አጠና። በዚያን ጊዜ ይህን «ኋላ ቀርነት» ብሎ ከማለፍ ይልቅ ቁጭ ብሎ ማየቱ የሚያስመሰግነው ነው። ሌላው ሆላንዳዊ ኮርትማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 የዓለም ጤና ድርጅትን መጠይቅ አገራችን ውስጥ ፈትሾ ተጠያቂዎቹ ጥያቄዎቹን ጠያቂው ባሰበው መንገድ እንደማይረዷቸው አሳየ። መጠይቁ ውስጥ «ሊጎዳህ የሚሞክር ሰው ያለ ይመስልሃል?» የሚል አለ። «አዎ» ያለ የሕመም ምልክት አሳይቷል ማለት ነው። እስቲ አንባቢ ይፍረድ፤ ጎረቤት ያለው፣ መሬት ያለው፣ ሥልጣን ያለው ወይም ሥልጣን የሌለው ኢትዮጵያዊ ለዚህ ጥያቄ «የለም» ብሎ እንዴት ይመልሳል?

እ.ኤ.አ. በ1987 አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ። ለእኔ ከብዙ ዐዋጅ ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል። ሐኪሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩና ወደ ክፍለ አገር ሆስፒታሎች የወጡት እነዚህ ነርሶች ናቸው። ሳይካትሪስት በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ነርሶቹ ሲሄዱ ሕመምተኛው ከመንደሩ ሳይነቀል የመታየት ዕድል አገኘ፤ ቢያንስ አንዳንዱ።

ሕዝቡ ምን ያስባል የሚለውን በደንብ ያየነው ከቡታጅራ ነው። ዶክተር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት አገሬውን «የአእምሮ ሕመም በምን ይታወቃል?» ብለው ቢጠይቁ ጎልተው የመጡት መልሶች ብዙ መለፍለፍ፣ መደባደብና እንግዳ ጠባይ ናቸው። ለእንዲህ ያለው ሕመም ከሐኪም ይልቅ ባህላዊው ፈውስ ተመርጧል። ከመልሱ የጎደለውን ይመልከቱልኝ። ዝም ያለ ሰው የለበትም። የሚለፈልፈው ታመመ፤ ጥግ ይዞ ቀኑን ሙሉ መሬት የሚያየው ግን «ጨዋ» ነው፣ «አንገቱን የደፋ» ነው፣ ቢበዛ «ከፍቶታል»። ድብርት በአገራችን ለረጅም ዘመን ስም ያጣው ምልክቱ ከምግባር ጋር ስለተመሳሰለ ይመስለኛል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዶክተር ተሾመ ሽብሬና ጓዶቻቸው በዚያው ቡታጅራ የከባድ የአእምሮ ሕመምተኞችን 178 ዘመዶች ጠየቁ። ከመቶ 75ቱ በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደደረሰባቸው ወይም እንደሚሰማቸው ተናገሩ። ከመቶ 37ቱ ዘመዳቸው መታመሙን መደበቅ ይፈልጋሉ። ከመቶ 65ቱ ጸሎትን መርጠዋል። ጥያቄው ለበሽተኛው ሳይሆን ለዘመድ መቅረቡን ልብ ይሏል። ሆስፒታሉ ሕመሙን የአንድ ሰው ቢያደርገውም ኀፍረቱ አሁንም የቤተሰብ ነው። ካርዱ ላይ አንድ ስም ይጻፋል፤ ሠርግ የሚሰረዘው ግን የእኅት ነው።

የጋብቻ ነገር እዚህ ላይ ከባድ ቦታ አለው። ደገኛው እስከ ሰባት ትውልድ ቆጥሮ ከዘመድ ውጭ ስለሚያገባ ከማያውቀው ቤት ነው የሚሄደው። ስለዚህ ያጣራል፣ ያጠያይቃል፣ ሽማግሌ ይልካል፤ የሚጠየቀውም ቤት ይደብቃል። አፋሩ በአብሱማ ሥርዓት የአክስቱን ልጅ፣ የአባቱን እኅት ልጅ ለማግባት የቅድሚያ መብት አለው። የሚያገባው የሚያውቀውን ቤት ነው። በዚህ ላይ ዳጉ ሲጨመር መደበቂያው የቱ ጋ ይሆናል? ይህ ሥርዓት ለሴቷ የሚጥልባት ሸክም ሌላ ሰፊ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ መገለልን ያስቀራል ለማለትም አልደፍርም። ግን የሽማግሌው «ጎሣህ ቢሰማስ?» የደጋ ፍርሃት እንደሆነና ወጣቱን ያሳቀውም ይኸው እንደሆነ ገባኝ።

በበሽታ ስም መሰባሰብን በዘመናዊ መልኩ ያስተማሩን የአእምሮ ሕሙማን አይደሉም። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ወገኖቻችን ናቸው። በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. እንደ መቅድምና ተስፋ ጎሕ ያሉ ማኅበራት ሲቋቋሙ ሰዎች በአደባባይ ወጥተው «እኔ አለብኝ» አሉ። ይህን ያለ ሰው ከቤት የሚባረርበት፣ ዕቃው የሚለይበት ዘመን ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ሌላውም በር የተከፈተው።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስን እዚህ ላይ ሳላነሣ ባልፍ ይቆጨኛል። ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት ነበር፤ ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ሲያንከራትቱት ኖረው፣ የሚቀበል ሲጠፋ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማእከልን ከፈቱ። በአገሪቱ የመጀመሪያው ነበር። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ልጅ የእናት ኃጢአት ወይም እርግማን ተደርጎ በጓዳ ይዘጋበት ነበር። «ኦቲዝም» የሚለው የባዕድ ቃል ለእነዚያ እናቶች ምን እንዳደረገ ለመረዳት ከቃሉ በፊት የነበሩትን ስሞች ማስታወስ ይበቃል። ቃሉ ኃጢአቱን ከእናት ላይ አነሣ። ወይዘሮ ዘሚ በዚህ አልቆሙም፤ ፊደላችንን መሠረት አድርገው መናገር ላቃታቸው ልጆች «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» ያሉትን የማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ዐረፉ። ዛሬ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተጠቃሚዎችም የራሳቸው ማኅበር አላቸው። «ተጠቃሚ» የሚለው ቃል ቀዝቃዛ ሊመስል ይችላል፤ ቢሆንም ባለቤቶቹ ለራሳቸው ያወጡት ስም ነው።

ስም ግን የሰጠው ሲፈልግ መልሶ ሊወስደው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች ማኅበር መዝገቡን ሲያድስ «አስፐርገር» የሚለውን ስም ሰርዞ ከኦቲዝም ጋር ቀላቀለው። በዚያ ስም ተሰባስበው ወዳጅ ያገኙ፣ ራሳቸውን ያወቁ ብዙ ሰዎች ማንነታችን በስብሰባ ተሻረብን ብለው ተቃወሙ። የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይል ይሆናል። አዳል፣ ደንከል፣ አፋር ሲባል የኖረውን ሕዝብ ቢጠይቅ ግን ስም በሌላ እጅ መሆኑ ምን እንደሆነ ያስረዳዋል። በአዲስ አበባም ወጣቱ ፈተና ሲወድቅ «ዲፕረስ አደረገኝ»፣ ጠባዩ ሲለዋወጥ «ባይፖላር ነኝ» ማለት ጀምሯል። ቃሉ መልመዱ መልካም ነው፤ ርካሽ መሆኑ ግን በእውነት የታመመውን ሰው ቃል ያሳጣዋል። በሌላ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ከሶዶ ወረዳ የወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ ሕክምና ያላገኘ ዘመዱን ሌላ መላ አጥቶ በሰንሰለት የሚያስር ቤተሰብ አለ። ሁለቱም አንድ አገር ውስጥ፣ በሦስት ሰዓት የመኪና መንገድ ርቀት ናቸው።

ሰመራ አዲስ ከተማ ናት። ዋና ከተማነቱን ከአሮጌዋ አሳይታ ተረክባ ከሎግያ አጠገብ ባዶ ሜዳ ላይ በዕቅድ የተሠራች ናት። ዩኒቨርሲቲዋም በ2000 ዓ.ም. ተከፈተ። ከተማዋ ገና ሳትደላደል በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አፋር ክልል ዘልቆ ብዙ ሕዝብ አፈናቀለ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን ዙሪያ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ከረመ። ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ ወረዳዎች በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሰው ቀዬውን ለቀቀ። እንዲህ ያለ መከራ ሲደርስ አዲስ የጅምላ ስም ይመጣል፤ «ትራውማ» የሚሉት። በሪፖርቱ መጠለያው በሙሉ አንድ ሕመም፣ አንድ ስም ይኖረዋል። ቅን ስም ነው፤ እርዳታም ያመጣል። ግን ቴሲጀርና ኔስቢት የጻፉለት ሕዝብ ሌላ የጅምላ ስም ሲወጣለት ሳይ ትንሽ ያስፈራኛል።

ያ ወጣት ከአውቶቡሱ ውስጥ ከኋላዬ ተቀምጦ ነበርና ገዋኔን ስናልፍ ጨዋታ ጀመርን። ቤተሰቦቹ በመንቀጥቀጡ ሰሞን ከተፈናቀሉት ናቸው። «ሁሉም ሰው መንቀጥቀጡ ነው ያመመህ ይለኛል» አለኝ። «መንግሥትም፣ ድርጅትም፣ ዘመድም። የእኔ ግን ከዚያ በፊት ነው የጀመረው። ሌሊት መተኛት ካቆምሁ ወራት ሆኖኝ ነበር። ያን ጊዜ ማንም አልጠየቀኝም። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ጠየቁኝ።»

ጎሣው እንዴት እንደሰማ ጠየቅሁት። አጎቱ ናቸው ያደረሱት። ከክሊኒክ ሲመለስ በመንገድ አገኙትና እንደ ሥርዓቱ ተቀመጡ። ስለ ውኃው፣ ስለ ግመሎቹ ተባባሉ። ከዚያ «አንተስ?» አሉት። የሆነውን ነገራቸው። ለበሽታው በአፋርኛ የሚሆን ቃል ስላላገኘ ሐኪሙ እንዳለው በእንግሊዝኛ ተናገረ። አጎቱ ምን እንደሚያደርገው፣ ምን እንደሚከለክለው፣ መድኃኒቱ ለስንት ጊዜ እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቁ።

«ቃሉን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ» አለኝ፣ «ዲፕሬሽን፣ ዲፕሬሽን እያሉ። ዳጉ ላይ ማዛባት ነውር ነዋ።»